ለብረታ ብረት ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሞተር መምረጥና መግዛት፦ በኮምቦልቻና በደሴ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በኮምቦልቻና በደሴ አካባቢ ፌሮ፣ ቱቦላሬ፣ ቆርቆሮ፣ ሽቦና ሚስማር በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ውስጥ ለሚሠሩ የጥገና ኃላፊዎችና የግዢ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ በዋጋና በስም የሚጀምሩ ናቸው። መልሶቹ ግን ደጋግመው ወደ ጭነቱና ወደ ቦታው ይመለሳሉ፤ ሞተር ያለ ዕድሜው የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ላልተሠራበት ሥራና ላልተሠራበት ስፍራ ስለተገዛ ነው።

ለብረት ፋብሪካ የሚሆን ሞተር ከሌላው በምን ይለያል?

በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ኪሎዋት አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ጭነቱ ላይ ነው። የውኃ ፓምፕ የሚያዞር ሞተር ከጧት እስከ ማታ ተመሳሳይ ሸክም ይዞ ይውላል። ብረት መዳመጫ ላይ የተተከለው ግን ባዶውን ሲዞር ቆይቶ የጋለው ቢሌት (የሚዳመጠው ጥሬ ብረት) በሮለሮቹ መካከል በገባበት ቅጽበት ከሙሉ ጭነቱ በላይ ይጫንበታል፤ ብረቱ ሲወጣ እንደገና ይቀልለታል፤ ይህም ፈረቃው እስኪያልቅ ይደጋገማል። ከዚህ በተጨማሪ የእቶኑ ሙቀት፣ ከብረቱ የሚረግፈው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ብናኝ፣ የማቀዝቀዣው ውኃ ፍንጣሪና የመሠረቱ ንዝረት አለ።

አይኢሲ 60034-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ተራ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከስመ ቶርኩ (በሰሌዳው ኪሎዋትና ፍጥነት ከሚሰጠው የማዞር ጉልበት) 1.6 እጥፍ የሆነ ጭነት ለ 15 ሰከንድ ሳይቆም እንዲችል ያስገድዳል። ይህ ለፓምፕ በቂ ነው። ለዋና መዳመጫ ግን ከፍተኛው ቶርክ ከስመ ቶርኩ 2.5 እጥፍ አካባቢ እንዲሆን በግዢ ሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ያልተጻፈ ነገር አይመጣም።

ለየትኛው ሥራ የትኛው ዓይነት ሞተር ይመረጣል?

ፌሮ በሚዳምጡ አነስተኛና መካከለኛ መስመሮች ላይ እስከ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ባለ ስሊፕ ሪንግ ሞተር (ሮተሩ፣ ማለትም የሚዞረው ክፍሉ፣ በቀለበትና በብሩሽ ከውጭ ወረዳ ጋር የሚገናኝ) ከከባድ ቮላኖ (እየዞረ ኃይል ከሚያጠራቅም ከባድ ጎማ) ጋር ተጣምሮ ነው። ይህ አሮጌ ስለሚመስል ብዙ ሰው ለመቀየር ይቸኩላል፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። ብረቱ ሲገባ የሞተሩ ፍጥነት ትንሽ እንዲወርድ በሮተሩ ወረዳ ውስጥ ሬዚስታንስ ይጨመራል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ቮላኖው ያጠራቀመውን ኃይል ይለቃል፤ ስለዚህ የመዳመጡ ድንገተኛ ጭነት በሙሉ ወደ ትራንስፎርመሩ አይሄድም። አንድ ፋብሪካ ይህን ሞተር አውጥቶ በቦታው ፍጥነቱ ከጭነት በታች 1 በመቶ እንኳ የማይወርድ ባለ ከፍተኛ ብቃት ተራ ሞተር ቢተክል ቮላኖው ሥራ ፈትቶ የሚዞር ብረት ይሆናል፤ የከረንቱም ጫፍ በቀጥታ መስመሩ ላይ ይታያል። መቀየሩ ካልቀረ ከድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ) ጋር ታስቦ ይቀየር።

ብረቱን የሚያመላልሱት የሮለር ጠረጴዛ ሞተሮች ትንንሽ ቢሆኑም ሥራቸው ከባድ ነው፤ በሰዓት ብዙ ጊዜ ይነሳሉ፣ ይቆማሉ፣ ወደ ኋላ ይዞራሉ። ለእነዚህ ያለማቋረጥ ለሚሠራ ጭነት የተዘጋጀ፣ በሰሌዳው ላይ ኤስ 1 የሚል ሞተር አይሆንም፤ ኤስ 4 ወይም ኤስ 5 (ደጋግሞ ለሚነሳና ለሚቆም ሥራ የተዘጋጀ) ተብሎ የመነሻው ብዛትና የጭነቱ ኢነርሺያ (ለመነሳትና ለመቆም ያለው እምቢተኝነት) ተገልጾ ይታዘዛል። ክሬንም እንደዚሁ ነው፤ ፍሬኑ አብሮት ይመጣል።

ሽቦ መሳቢያና የቱቦላሬ መስመር ፍጥነታቸው በጥንቃቄ መስተካከል ስላለበት ዛሬ ከድራይቭ ጋር የሚሠራ ኤሲ ሞተር ይመረጥላቸዋል። ቀድሞ ይህን ቦታ የያዘው ዲሲ ሞተር ነበር፤ አሁንም የሚሠራ ካለ፣ ካርቦን ብሩሽና ኮሙቴተር የሚያውቅ ባለሙያ እስካለ ድረስ፣ ገና ለገና ዘመኑ አልፏል ተብሎ መጣል የለበትም። ለነፋሻ፣ ለፓምፕና ለኮምፕረሰር ተራው ስኩዊረል ኬጅ ሞተር (ብሩሽና ቀለበት የሌለው) ይበቃል።

የኮምቦልቻና የደሴ ከፍታ በሞተር ምርጫ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ከአካባቢያችን ገዢዎች ብዙዎቹ የሚዘነጉትም ይህንን ነው። አምራቾች በሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ኪሎዋት ከባሕር ጠለል በላይ ከ 1,000 ሜትር ያልበለጠ ከፍታንና ከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ የአካባቢ ሙቀትን ታሳቢ ያደርጋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያው የቱንም ያህል ቢዞር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። በአይኢሲ ደረጃ መሠረት ከ 1,000 ሜትር በላይ ለሚጨምር ለያንዳንዱ 100 ሜትር፣ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን እንዲሰጥ ከተፈለገ፣ የአካባቢው ሙቀት ከ 40 ዲግሪው ላይ የሙቀት ጭማሪውን (ሞተሩ ከአካባቢው አየር በላይ እንዲግል የተፈቀደለትን ዲግሪ) 1 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት። የሙቀት ጭማሪው 80 ዲግሪ የሆነ፣ ቢ ክላስ የሚባለው ሞተር ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው በዙሪያው ያለው አየር ከ 33 ዲግሪ ካልበለጠ ነው፤ ደሴ ላይ ደግሞ ከ 28 ዲግሪ ካልበለጠ። ጭማሪው 105 ዲግሪ ለሆነው ኤፍ ክላስ ቁጥሮቹ ወደ 31 እና ወደ 24 ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ የደጋው ብርድ ይረዳል። የደሴ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ከውጭ ወይም ንጹሕ አየር በሚገባበት አዳራሽ የተተከለ ሞተር ከፍታው የወሰደበትን ብርዱ ይመልስለታል። ከእቶኑ አጠገብ ለተተከለው ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ የአዳራሹ ሙቀት 40 ዲግሪን ሲያልፍ ከፍታና ሙቀት በአንድነት ይጫኑታል። ስለዚህ የምንመክረው የጥቅሉ (የመዳብ ሽቦው) የኤሌክትሪክ ማገጃ ሽፋን ኤፍ ክላስ ሆኖ የሙቀት ጭማሪው በቢ ክላስ ልክ የተገደበ ሞተር እንዲታዘዝ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው 25 ዲግሪ ለከፍታው መጠባበቂያ ይሆናል። ለእቶን አካባቢ ከሁለቱ የበለጠ ሙቀት የሚችለው ኤች ክላስ ይታሰብ። የሽፋን ዕድሜ በየ 10 ዲግሪው ተጨማሪ ሙቀት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ የሚነገረው የቆየ መመሪያ በግምት የሚሠራ ቢሆንም አቅጣጫውን በትክክል ያሳያል።

በትእዛዙ ላይ «የተከላ ከፍታ 1,850 ሜትር፣ የአካባቢ ሙቀት እስከ 45 ዲግሪ» ብሎ መጻፍ ምንም አያስከፍልም። አቅራቢው ይህን አንብቦ ስለ ከፍታው ምንም ሳይል ዋጋ ብቻ ከላከ ሰነዱን እንዳላነበበ ይቆጠር።

ትልቅ ኪሎዋት መግዛት ከሁሉ የተሻለ ዋስትና አይደለም?

አይደለም። ከሚገባው በላይ የተለቀ ሞተር በዝቅተኛ ጭነት ሲሠራ ፓወር ፋክተሩ (ከመስመሩ ከሚስበው ውስጥ ለሥራ የሚውለው ድርሻ) ይወርዳል፣ የመነሻ ከረንቱ ይጨምራል፣ ኬብሉና ኮንታክተሩም አብረው መተለቅ ይኖርባቸዋል። ሌላም ጣጣ አለ፤ አንድ ነገር ሲነክስ ትልቁ ሞተር ሳይቆም ጊርቦክሱን ወይም ካፕሊንጉን ሊሰብር ይችላል። ትክክለኛው መንገድ በነባሩ ሞተር ላይ ከረንቱን በሥራ ቀናት መዝግቦ ማየት ነው። ቶርኩን ለማስላት ኪሎዋቱን በ 9,550 አባዝቶ ለደቂቃ ዙር ማካፈል ይበቃል፤ በደቂቃ 1,485 ጊዜ የሚዞር የ 200 ኪሎዋት ሞተር 1,286 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል።

የመብራት መቆራረጥና የቮልቴጅ መዋዠቅ ካለ ምን ዓይነት ሞተር ይሻላል?

መዋዠቅን የሚችል ሞተር ከመፈለግ በፊት መዋዠቁን መለካት ይቀድማል። ቶርክ ከቮልቴጅ ጋር በስኩዌር ስለሚሄድ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲወርድ ቶርኩ ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ብረት በሮለሩ ውስጥ ካለ ሞተሩ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ይግላል። ከዚህ የባሰው በፌዞች መካከል የሚኖር የቮልቴጅ ልዩነት ነው። ልዩነቱ 3.5 በመቶ ብቻ ቢሆን የጥቅሉ የሙቀት ጭማሪ በ 25 በመቶ ገደማ ያድጋል። ብዙ ጊዜ «ሞተሩ ያለ ምክንያት ተቃጠለ» የሚባለው ይህ ሳይለካ ቀርቶ ነው።

የመነሻው ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንድ 160 ኪሎዋት ሞተር በ 400 ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ ወደ 277 አምፔር ሲወስድ በቀጥታ ሲነሳ ሰባት እጥፍ ያህል፣ ማለትም ከ 1,900 አምፔር በላይ ይስባል፤ የ 630 ኪሎቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ሙሉ ከረንት ግን 909 አምፔር ነው። ስታር ዴልታ የሚባለው የማስነሻ ዘዴ ከረንቱን ወደ ሲሶ ያወርደዋል፤ ቶርኩንም እንዲሁ ወደ ሲሶ ስለሚያወርደው ተጭኖ ለሚነሳ ማሽን አይሆንም። ሶፍት ስታርተር (ቮልቴጁን ቀስ በቀስ የሚያሳድግ ማስነሻ)፣ ድራይቭ ወይም ስሊፕ ሪንግ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሩ ምንም ይሁን ምን፣ የፌዝ መጥፋትንና አለመመጣጠንን የሚቆጣጠር ሪሌይና በጥቅሉ ውስጥ የተቀበረ የሙቀት መለኪያ እንዲኖረው አጥብቀን እንመክራለን። የሙቀት መለኪያው ሞተሩ ሲሠራ የሚገባ እንጂ በኋላ የሚለጠፍ አይደለም።

ሞተሩ በድራይቭ የሚሠራ ከሆነ ምን ይጨመር?

ሦስት ነገሮች ይጨመሩ። ጥቅሉ የድራይቩን ፈጣን የቮልቴጅ ምት የሚችል መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ በትልልቅ ሞተሮች ላይ ከጭነቱ ተቃራኒ ወገን ያለው ኩሽኔታ ኤሌክትሪክ እንዳያሳልፍ የተሸፈነ ይሁን፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ረጅም ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የራሱ ሞተር ያለው ማራገቢያ፣ በደረጃው አጠራር አይሲ 416፣ ይኑረው። ኩሽኔታውን ሳይሸፍኑ ድራይቭ የሚያስገቡ ሰዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ በኩሽኔታው ውስጥ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት መንገድ እንደ ታረሰ ማሳ ተሰነጣጥሮ ያገኙታል፤ ጥፋቱም በግሪሱ ላይ ይላከካል።

ለብናኝና ለውኃ የትኛው የመከላከያ ደረጃ ይበቃል?

አይፒ ሞተሩ ብናኝንና ውኃን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ መለያ ነው፤ ለአብዛኛው ቦታ አይፒ 55 ይበቃል። ውኃ በቀጥታ ለሚረጭበት የሮለር ጠረጴዛ አይፒ 65 ይጠየቅ። አይፒ 23 የሆነ ክፍት ሞተር ርካሽና ቀላል ቢሆንም የብረት ብናኝ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ሊገባ የሚችለው የተጣራ አየር በቱቦ ከመጣለት ብቻ ነው።

አይኢ 3 ለሚባለው ባለ ከፍተኛ ብቃት ሞተር ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ያዋጣል?

ረጅም ሰዓት ለሚሠራ ማሽን ያዋጣል። ለባለ 4 ፖል፣ 160 ኪሎዋት ሞተር በደረጃው የተቀመጠው ዝቅተኛ ብቃት በአይኢ 1 (ዝቅተኛው የብቃት) ደረጃ 93.8 በመቶ፣ በአይኢ 3 ደረጃ 95.8 በመቶ ነው። ሞተሩ በዓመት 6,000 ሰዓት በሙሉ ጭነት ቢሠራ ልዩነቱ 21,000 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ይህን በፋብሪካው ታሪፍ አባዝቶ ከዋጋው ልዩነት ጋር ማነጻጸር የሒሳብ ክፍሉ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ተጨማሪው ብር በመጀመሪያ መዋል ያለበት በእቶን ነፋሻ፣ በውኃ ፓምፕና በኮምፕረሰር ላይ ነው። ሲነሳ ሲቆም ለሚውል የጠረጴዛ ሞተር ያን ያህል አይመልስም።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉ። ደረጃው ከ 150 ኪሎዋት በላይ ለሆነ ሞተር በሞተሩ የኃይል ብክነት ላይ 10 በመቶ ልዩነት ስለሚፈቅድ 95.8 የተባለው ሞተር ሲፈተን 95.4 ቢሆን አቅራቢው አጥፍቷል አይባልም። አይኢ 3 ሞተሮችም የመነሻ ከረንታቸው ከፍ የማለት ባሕርይ ስላላቸው ነባሩ ብሬከር ሲነሱ እንዳይወድቅ ይታይ።

ከውጭ የተገኘ የ 60 ኸርዝ ሞተር በርካሽ ቢቀርብ ይሆናል?

አንዳንዱ ይሆናል። የ 460 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሞተር በ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ቢሠራ የቮልቴጁና የፍሪኩዌንሲው ጥምርታ ስለማይዛባ ጤናማ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነቱም ኃይሉም ወደ 83 በመቶ ይወርዳሉ። መስመሩ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሚገባው በላይ ይግላል። ለመዳመጫ ፍጥነት ስሌት አዲስ ጊርቦክስ ወይም አዲስ ፑሌጃ ከተፈለገ ደግሞ ርካሽነቱ እዚያው ያልቃል።

ያገለገለ ወይም የታደሰ ሞተር መግዛት ተገቢ ነው?

ለትልልቅ ስሊፕ ሪንግና ዲሲ ሞተሮች አንዳንዴ ብቸኛው አማራጭ ይሆናል። ቀለም አይታመን። ሞተሩ ተፈቶ ሮተሩ ይታይ፤ የሮተሩ ዘንጎች እንዳልተሰነጠቁ፣ የሮተሩና የስታተሩ (የማይዞረው ክፍል) ብረት እንዳልተፋጨ ይረጋገጥ። የጥቅሉ ሽፋን በሜገር (የኤሌክትሪክ ማገጃ ሽፋንን መቋቋም በሚለካ መሣሪያ) ይለካ። ከ 1,000 ቮልት በታች ለሆነና በተራ ሽቦ ለተጠቀለለ ሞተር ወደ 40 ዲግሪ ተስተካክሎ ከ 5 ሜጋኦም በታች ከሆነ አይነሳ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላለው፣ በቅርጽ በተሠራ ኮይል ለተጠቀለለ ደግሞ ወሰኑ 100 ሜጋኦም ነው። የአንድ ደቂቃ ልኬት ብቻውን አይበቃም፤ የ 10 ደቂቃው ንባብ ለአንድ ደቂቃው ተካፍሎ ከ 2 ካነሰ ጥቅሉ እርጥበት ወይም ቆሻሻ አለበት።

የትኛው አምራች ይሻላል?

ኤቢቢ፣ ዌግ፣ ቴኮ፣ እንዲሁም ቀድሞ በሲመንስ ስም ይሸጡ የነበሩትና ከ 2023 ጀምሮ ኢኖሞቲክስ በሚል ስም የሚቀርቡት ትልልቅ ሞተሮች በዓለም የብረት ፋብሪካዎች ውስጥ የሚታወቁ ናቸው። ከቻይናና ከህንድ የሚመጡም መልካም ሞተሮች አሉ። በእኛ አስተያየት ስሙ ከመመረጡ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ በአዲስ አበባ ወይም በቅርብ መለዋወጫ የሚያቀርብ አለ ወይ? የሞተሩ መለያ ቁጥር ለአምራቹ ተልኮ ትክክለኛነቱ ይረጋገጣል ወይ? ሰሌዳ መቅዳት ቀላል ነው፤ የፋብሪካ የፈተና ሰነድና መለያ ቁጥር አብረው እንዲመጡ ማድረግ ግን ከባድ ነው።

ኩሽኔታው ላይም የተለየ ትኩረት ያስፈልጋል። በካፕሊንግ ለሚገናኝ ሞተር ሲ 3 የሚባል የውስጥ ክፍተት ያለው የኳስ ኩሽኔታ ተገቢ ነው። በቺንጊያ ለሚጎተት ትልቅ ሞተር ግን በጭነቱ ወገን ኤንዩ ተብሎ የሚጀምር የሮለር ኩሽኔታ ይታዘዛል። ይኸው ሮለር ኩሽኔታ ከቺንጊያ ወጥቶ በካፕሊንግ ላይ ቢገጠም የሚጫነው በማጣቱ እየተንሸራተተ ይበላሻል፤ ስለዚህ መጋዘን ውስጥ ያለን ሞተር ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ይህ ይታይ።

በፕሮፎርማና በኤልሲ ላይ ምን መጻፍ አለበት?

ሰፊውን ጊዜ እዚህ ላይ ማጥፋት ይገባል። በኤልሲ (በባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ግዢ ባንክ የሚመለከተው ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም፤ ሰነዱ ከተሟላ ሳጥኑ ውስጥ ምንም ይኑር ክፍያው ይፈጸማል። ስለዚህ የፋብሪካ የፈተና ውጤት በእያንዳንዱ ሞተር መለያ ቁጥር፣ እንዲሁም ከጭነት በፊት በሦስተኛ ወገን የተደረገ የምርመራ የምስክር ወረቀት፣ ክፍያ ከሚፈጸምባቸው ሰነዶች መካከል ተዘርዝረው መግባት አለባቸው። በኋላ በኢሜይል የሚጠየቅ የፈተና ውጤት ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ቢመጣም የሌላ ሞተር ሊሆን ይችላል።

በቴክኒክ ዝርዝሩ ውስጥ ኪሎዋት፣ ቮልቴጅ፣ 50 ኸርዝ፣ የፖል ብዛት፣ የሥራ ዓይነት፣ የሽፋንና የሙቀት ጭማሪ ክላስ፣ አይፒ፣ አይሲ (የማቀዝቀዣ ዘዴ)፣ የከፍታና የአካባቢ ሙቀት፣ ከፍተኛ ቶርክ፣ የመጋጠሚያ ዓይነት፣ የፍሬም መጠን፣ የኩሽኔታ ቁጥርና የኬብል ሳጥኑ የሚገኝበት ጎን ይጻፉ። የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል፤ ሳጥኑ በግድግዳው በኩል ሆኖ ሲመጣ ግን ተካዩ ምን ያህል እንደሚቸገር ይታወቃል። በዋስትናው ውስጥ ዋስትናው የሚጀምረው ዕቃው ለጉዞ ከተጫነበት ቀን ነው ወይስ በፋብሪካው ከተተከለበት የሚለው ይለይ፤ ዕቃው መንገድ ላይና መጋዘን ውስጥ ወራት ሊያሳልፍ ይችላልና።

የመጨረሻው መድረሻ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ከሆነ በጭነት ሰነዱ ላይ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ አስቀድሞ ከአስጫኙ ጋር ይስማሙ።

ሞተሩ ከጂቡቲ ሲደርስ ምን ይታይ?

የጂቡቲ አየር ሞቃትና እርጥበት የተሞላ ነው፤ ዕቃው በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ በኩል አድርጎ ወደ ደጋው ሲወጣ በውስጡ የቀረው እርጥበት በጥቅሉ ላይ ጤዛ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። ሳጥኑ እንደተከፈተ ሜገር ይደረግ፤ ንባቡ ዝቅ ካለ ሞተሩ ይደርቅ እንጂ እንዲሁ አይነሳ። ሌላው ጉዳት ከመንገዱ መናጥ የሚመጣ ነው፤ ሮተሩ ሳይታሰር ከተጓጓዘ ኩሽኔታው ሳይዞር ስለሚመታ ኳሶቹ በሚሽከረከሩበት ቦታ ላይ ጠባሳ ይቀርበታል። የሮተር ማሰሪያው በሳጥኑ ውስጥ መኖሩን በፎቶግራፍ ይመዝግቡ፤ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ መፈታቱን ያረጋግጡ።

የተቃጠለውን ማስጠቅለል ወይስ አዲስ መግዛት?

ለትንሽና መደበኛ ሞተር አዲስ መግዛቱ በአብዛኛው ይሻላል። ለትልቅና ለልዩ ሞተር ግን ማስጠቅለል፣ ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ፣ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ችግሩ የሚመጣው አሮጌው ጥቅል እንዲወጣ ስታተሩ በክፍት እሳት ሲቃጠል ነው፤ ሙቀቱ ከ 370 ዲግሪ አካባቢ ካለፈ በብረቱ ላሜራዎች መካከል ያለው ሽፋን ይጎዳል፣ ከዚያም ሞተሩ አዲስ መዳብ ለብሶ ያለ ጭነት ጭምር ይግላል። ጠቅላዩ የሽቦውን ውፍረትና የዙሩን ብዛት በጽሑፍ እንዲያስረክብ፣ የወጣው መዳብና የገባው መዳብም እንዲመዘን ይጠየቅ።

ስንት መጠባበቂያ ሞተር መያዝ ይገባል?

ቁጥሩን የሚወስነው ሞተሩ ሲቆም አብሮት የሚቆመው ነገር ነው። ያለ እርሱ መስመሩ በሙሉ የሚቆምበትና ከውጭ እስኪመጣ ወራት የሚፈጅ ሞተር፣ ውድ ቢሆንም፣ አንድ መጠባበቂያ ይኑረው፤ ለዋና መዳመጫው ሙሉ ሞተር መያዝ ካልተቻለ ቢያንስ ኩሽኔታው፣ ብሩሹና የብሩሽ መያዣው ይኑሩ። ለጠረጴዛ ሞተሮች ፍሬማቸውን አንድ ዓይነት አድርጎ መግዛት ሁለት መጠባበቂያ ለብዙዎች እንዲበቃ ያደርጋል። መጋዘን ያለው ሞተር ከሚንቀጠቀጥ ወለል ርቆ፣ እርጥበት የሚከላከለው የውስጥ ማሞቂያው ተሰክቶ ይቀመጥ፤ ዘንጉም በየወሩ በእጅ ጥቂት ዙር ተዙሮ በሌላ ቦታ ላይ ይቁም፤ ይህን የሚያደርገው ሠራተኛ በሞተሩ ላይ በተንጠለጠለ ካርድ ቀኑን ጽፎ ይፈርም።